ብርቅ የሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ሲገኝ፦ ስለ ዋጋውና ስለ አያያዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመሥሪያ ቤት ስቶር፣ ከሰኞ ገበያ ወይም ከቤተሰብ ዕቃ መሀል አሮጌ ኮምፒውተር ላገኙ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያና የአካባቢው ሰዎች የተዘጋጀ።

አሮጌ ኮምፒውተር ሁሉ ዋጋ ያወጣል?

አያወጣም። ፔንቲየም የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ነጫጭ ሳጥኖች በየመሥሪያ ቤቱ ተቆልለው አሉ፤ በውጭውም ዓለም ሞልተዋል። ሰብሳቢዎች በአብዛኛው የሚያሳድዱት እ.ኤ.አ. ከ1990 በፊት የተሠሩትን ነው። በተለይ የአሜሪካው የአይ ቢ ኤም ኩባንያ አሠራር የሁሉም መለኪያ ከመሆኑ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ስልት የሠራቸው፣ አንዱ የሌላውን ዲስክ እንኳ የማያነብባቸው ማሽኖች ዛሬ ተፈላጊ ናቸው።

ያገኙት ማሽን ኪቦርዱ ከሳጥኑ ጋር አንድ አካል ከሆነ፣ ስክሪኑና ዲስክ ማስገቢያው በአንድ ቀፎ ውስጥ ከሆኑ፣ ወይም ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ከሆነ ቆም ብለው ያጣሩ። ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሳምንት ቢታገሡ የሚቀርብዎ ነገር የለም።

ያገኘሁት ማሽን ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ፊት ለፊት የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። የሞዴል ቁጥር፣ ተከታታይ ቁጥር፣ ቮልቴጅና የተሠራበት አገር እዚያ ላይ ይገኛሉ። የአይ ቢ ኤም የመጀመሪያው ፒሲ (እ.ኤ.አ. 1981) እና ኤክስቲ የተባለው ተከታዩ (እ.ኤ.አ. 1983) ለምሳሌ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። ሰሌዳቸው ላይ ግን አንዱ 5150፣ ሌላው 5160 ይላል፤ ክዳናቸው ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያው 5 የካርድ መሰኪያ፣ ተከታዩ 8 አለው። በ5150ዎቹ መካከልም ማዘርቦርዱ (ቺፖቹና ካርዶቹ የሚገጠሙበት ዋናው ሰርኪዩት) ላይ ከ16 እስከ 64 ኪሎባይት የሚል የሜሞሪ ልክ የታተመበት፣ ከ64 እስከ 256 ከሚለው ይቀድማል፤ ተፈላጊነቱም ይበልጣል።

ዕድሜውን የሚነግሩዎት ቺፖቹ ናቸው። በጥቁሩ ቺፕ ጀርባ ላይ፣ ከስሙ ሥር ወይም ጎን፣ አራት አኃዝ አለ። 8632 ካለ በ1986 32ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ይህ የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ የ1978 ዓ.ም. ክረምት ላይ ይውላል። አሥር አሥራ አምስት ቺፕ አይተው ከሁሉም የኋለኛውን ቀን ይያዙ፤ ማሽኑ ከዚያ በፊት ሊገጣጠም አይችልም። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ አምስት ዓመት ከዘገየ ተቀይሯልና ይመዝግቡት። ትንሽ የመስታወት መስኮት ያለው ቺፕ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካዩ አይላጡት። ወረቀቱ ብርሃን ለመከለል የተለጠፈ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ውስጡ ያለው ፕሮግራም ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ሮቦትሮን ወይም ቪ ኢ ቢ የሚል ሰሌዳ ካዩ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ፕራቬትስ የሚል ካዩ ከቡልጋሪያ ነው። ሮቦትሮን 1715 የሚሠራው ዩ880 በሚባል፣ ዜድ80 ከተባለው የአሜሪካ ቺፕ በተገለበጠ ቺፕ ሲሆን 64 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው፤ ፕራቬትስ 82 ደግሞ አፕል ቱ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር ግልባጭ ነው። ደርግ ከምሥራቁ ጎራ ጋር ከነበረው ቅርበት አንጻር እንዲህ ያለ ማሽን ከአሮጌ ስቶር ቢወጣ ሊገርም አይገባም፤ «የማይታወቅ ማርካ ነው» ተብሎ መጣልም የለበትም።

ሶኬት ላይ ሰክቼ ይሠራ እንደሆን ልሞክረው?

አይሞክሩት። ብዙ ማሽን የሚሞተው በዚህች የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ቮልቴጁን ይዩ፦ የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን ብዙውን ጊዜ 115 ወይም 120 ብቻ ይላል። ከጀርባው መቀያየሪያ ካለው 230 የሚለው ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሌለው ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ቀጥሎ እርጥበቱ ነው። ደሴ ጉም የሚተኛባት ከተማ ናት። ከቀዝቃዛ ስቶር ወጥቶ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የገባ ማሽን ብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ክዳኑን አንስተው ደረቅ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ክረምት ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። አይጥ ጎጆ ሠርታበት እንደሆነም በባትሪ ብርሃን ይዩ፤ ሽንቷ የመዳብ መስመሩን ይበላል።

ሦስተኛው አደጋ ፓወር ሰፕላዩ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ በሚስማማ ቮልቴጅ የሚያወጣው ክፍል) ውስጥ አለ። ሪፋ የሚባለው ካፓሲተር አሳላፊ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፕላስቲክ የለበሰ ትንሽ ጥርብ ነገር ነው። ከዕድሜ ብዛት ልባሱ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል። ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ አንዳንዴ በሰከንድ፣ አንዳንዴ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይፈነዳና ክፍሉን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። ስለዚህ ስንጥቅ ባይታይበትም አስቀድሞ ማስቀየር ነው። የሚተካው ልኩ ተመሳሳይ የሆነና ኤክስ2 የሚል ምልክት ያለው መሆን አለበት፤ ተራ ካፓሲተር በዚያ ቦታ እሳት ያስነሳል።

የሚያበራው ሰው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይሁን። ባለሙያው ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ፣ ከመስመሩ ጋር ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ የድሮውን አምፖል በሲሪስ አስገብቶ፣ በውጤቱ በኩል ሸክም (ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነገር) ሰጥቶ ይለካዋል፤ የድሮ ፓወር ሰፕላይ ያለ ሸክም ብዙ ጊዜ አይነሳም። አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በሙሉ ብርሃኑ ከቀጠለ ውስጡ ሾርት አለ። የ5 ቮልቱ መስመር ከ4.75 እስከ 5.25፣ የ12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት። ሞኒተሩን ግን ልምድ የሌለው ሰው ከቶ አይክፈተው። የስክሪኑ ቱቦ ከተነቀለም በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ብርቅ ከሆነ ውድ ነው ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። አፕል ዋን እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ 200 ገደማ ብቻ ተሠርቶ በ666.66 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከመካከላቸው አንዱ በጨረታ 905,000 ዶላር አውጥቷል። ይህን ያመጣው ቁጥሩ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ታሪኩን የሚያውቅና የሚፈልግ ሰው መብዛቱ ነው። ኮሞዶር 64 በተቃራኒው ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ርካሽ ቢሆንም ልጅነታቸውን ያሳለፉበት ስለሚፈልጉት በቀላሉ ገዢ ያገኛል። ከሁለቱ ውጭ የሆነ፣ ዓለም ላይ መቶ ብቻ ቀርቶ የሚጠይቀው አሥር ሰው ብቻ የሆነ ማሽንም አለ። እንዲህ ያለው ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ይቆይና ትክክለኛው ሰው ሲመጣ በአንድ ቀን ይሄዳል።

ሳይነካካ መቆየትም ራሱን የቻለ ብርቅነት ነው። የአፕል ሊሳ የመጀመሪያ ዙር (እ.ኤ.አ. 1983፣ 9,995 ዶላር) ትዊጊ የሚባሉ ሁለት የራሱ ዲስክ ማስገቢያዎች ነበሩት። ብልሽት ስለበዛባቸው ኩባንያው ለባለቤቶቹ በአዲስ ይቀይርላቸው ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ያልተቀየረው፣ «ጉድለት ያለበት» የሚባለው፣ ከተሻሻለው እጅግ ይወደዳል።

ቢጫ ሆኗል፤ ላጽዳው?

አብሽሩ፤ ቢጫነት የዕድሜ ነው። እሳት እንዳይዘው ፕላስቲኩ ውስጥ ከተጨመረው ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገርና ከብርሃን የሚመጣ ነው፤ ገዢ ይጠብቀዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ሻጋታውን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ያንሱ። በረኪና፣ ቤንዚንና አሴቶን አያስጠጉ፤ ፕላስቲኩን ያወይቡታል ወይም ያቀልጡታል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት የሚቻል ቢሆንም እኩል ካልተቀባ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ለገዢው መተው ይሻላል። የንብረት ቁጥሩን፣ የቴክኒሻን ማስታወሻውንና ማርካውን አያንሱ።

ባትሪው ፈስሶ ማዘርቦርዱ አረንጓዴ ሆኗል። አብቅቶለታል?

ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ነገር ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደው በርሜል መሳይ 3.6 ቮልት ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ነው፤ የሚወጣው ፈሳሽ አልካሊ ስለሆነ የመዳብ መስመሮቹን ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ሰርጎ ይበላቸዋል። መጀመሪያ ከጎኑ መለኪያ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ። ጓንትና ጭምብል አድርገው ባትሪውን በኒፐር ቆርጠው ያውጡ። ደረቁን ዱቄት በጥርስ ብሩሽ ካራገፉ በኋላ በአቼቶ ያረሰረሱት ጥጥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያኑሩበት፤ ሲንቸፈቸፍ አልካሊው እየበረደ ነው። ከዚያ በዲስትልድ ውሃ አጥበው፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል አብሰው (የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ ውሃ ይበዛበታል) አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁት። በመጨረሻ የጠቆሩትን መስመሮች በቴስተር አንድ በአንድ ይለኩ፤ የተቆረጠው በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።

አቼቶው ለዚህ ዓይነት ባትሪ ነው። በአንዳንድ የማኪንቶሽ ማሽኖች ውስጥ ያለው፣ ከተራው ድንጋይ ግማሽ የሚያህል 3.6 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሲፈነዳ ሌላ ዓይነት ዝገት ያመጣል፤ ገና ሳይፈስ ማውጣት ብቻ ነው መፍትሔው። ማሽኑን ሳይሸጡ ለወራት ሊያቆዩት ከሆነ ዛሬውኑ ባትሪ ካለው ያውጡለት።

ኪቦርዱ ላይ የአማርኛ ፊደል ተለጥፏል። ልላጠው?

በፍጹም። በብልቃጥ ሙጫ የተለጠፈ፣ በእጅ የተጻፈ ቢሆን እንኳ ይተዉት። ተመሳሳይ ማሽን ጀርመን ወይም አሜሪካ ሊገኝ ይችላል፤ አንድ ጸሐፊ አማርኛ ለመጻፍ ያዘጋጀው ኪቦርድ ግን ከእኛ በቀር የትም የለም።

ከማሽኑ ጋር የመጡትን ፍሎፒ ዲስኮች ምን ላድርጋቸው?

ፎርማት አያድርጓቸው፣ ያለባቸውን ሁሉ ያጠፋል፤ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅም እምቢ ይበሉ። ከማንበብ በፊት ይቆልፏቸው፦ የ5.25 ኢንቹ ጎኑ ላይ ያለው ጥርስ በፕላስተር ሲሸፈን፣ የ3.5 ኢንቹ ደግሞ ቀዳዳው ሲከፈት መጻፍ አይቻልበትም። በመስኮቱ በኩል ሻጋታ የሚታይበትን ዲስክ ማሽኑ ውስጥ አይክተቱ፤ ማንበቢያውን ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ደህናውን ዲስክ ይፍቀዋል። ግሪስዊዝል የሚባለው ትንሽ ሰርኪዩት በዩኤስቢ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ፣ የፋይሉ ዓይነት ባይታወቅም፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ማግኔት እንዳለ ይገለብጣል።

ለአማርኛ ዲስኮች የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሶፍትዌር ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሱ ቅደም ተከተል ያስቀምጥ ነበር፤ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና አጋፋሪን ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ፎንቱ ከጠፋ ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከጽሑፎቹ ዲስክ ይልቅ የሶፍትዌሩን ዲስክ አጥብቀው ይፈልጉ፤ ሁለቱ ተለያይተው እንዳይሸጡ።

ውስጡ ወርቅ አለ ይባላል። አውጥቼ ብሸጠውስ?

አለ፤ ግን በግራም እንኳ የማይሞላ ስስ ልባስ ነው። እሱን ለማውጣት የሚያገለግለው ናይትሪክ አሲድ የሚለቀው ቡናማ ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ከዚህም በላይ ነጭ የሸክላ ገላና ወርቅማ ክዳን ያላቸው የ1970ዎቹ ቺፖች፣ እንደ ኢንቴል 4004 (እ.ኤ.አ. 1971) ያሉት፣ ሳይነኩ ሲሸጡ የሚያወጡት ውስጣቸው ካለው ወርቅ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ ዋጋውን እንዴት ልተምን?

የተጠየቀ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ የተለያዩ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ 3,000 ዶላር ተብሎ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ማሽን ዋጋው 3,000 አይደለም። ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ከፍተው ሞዴሉ አንድ የሆነ፣ ይዞታው የሚቀራረብ ቢያንስ ሦስት ሽያጭ ይፈልጉ፤ ትልቁንና ትንሹን ትተው መካከለኛውን ይያዙ።

ከዚያ ይቀንሱ። የሽያጩ መረጃ የሚሠራ ማሽን ከሆነና የእርስዎ ያልተሞከረ ከሆነ ከግማሽ በላይ አይገምቱ። የራሱ ኪቦርድ ከጎደለ ከቀሪው ላይ እንደገና ሲሶ ያህል ይቁረጡ፤ የድሮ ኪቦርድ ከሌላ ማሽን ጋር ስለማይሠራ ለብቻው መፈለግ ከባድ ነው። ለስሌቱ ያህል መካከለኛው 600 ዶላር ቢሆን፣ ያልተሞከረው 300፣ ኪቦርድ የሌለው 200 ይሆናል። ኮሚሽንና ማጓጓዣ ገና አልተነሣም፤ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ካርቶኑ፣ መመሪያ መጽሐፉ፣ የግዢ ደረሰኙና ዋናዎቹ ዲስኮች ካሉ ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል። መጽሐፍ ብቻውን ማሽኑን የሚያህል ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ አለና የወረቀት ክምሩን ለሱቅ መጠቅለያ አይስጡ።

ቴክኒሻን ለ220 ቮልት የቀየረው ማሽን ዋጋው ይቀንሳል፤ የወጣው ኦሪጅናል ዕቃ በፖስታ ተደርጎ አብሮ ካለ ግን ቅናሹ ጥቂት ነው። የተቀየረ ነገር ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ገዢው የቺፖቹን ቀን አይቶ ይደርስበታልና።

ከመሥሪያ ቤት የወጣ ነው። መግዛትም ሆነ መሸጥ ችግር አለው?

ሰነድ ከሌለው አለው። የመንግሥት ንብረት የሚወገደው በኮሚቴ ውሳኔና በጨረታ ነው፤ የጨረታ አሸናፊነት ደብዳቤ፣ የከፈሉበት ደረሰኝና የንብረት መውጫ በእጅዎ ይኑር። ንብረቱ መጀመሪያ ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 ቅጂ ከተገኘማ ወርቅ ነው፦ ማሽኑ መቼና ለማን እንደመጣ በማኅተም ይመሰክራል፤ ቁምነገረኛ ሰብሳቢም ይህን አይቶ ዋጋ ይጨምራል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ንብረታቸው ተዘርፏል። የንብረት ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ሰሌዳው ተነቅሎ የቀረበልዎትን ዕቃ ከየትም ይምጣ አይግዙ። ቁጥሩ ካለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ደውለው ያረጋግጡ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ የሕሙማን ካርድ ወይም የተማሪ ውጤት ሊኖር ስለሚችልም፣ የቀድሞው ባለቤት ሳይወስን ይዘቱን ለማንም አያሳዩ፤ ራስዎም አያጥፉት።

ገዢው ውጭ አገር ነው። ከደሴ በደህና እንዴት ይደርሳል?

ፈጣን የመልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ ሳይሆን ካርቶኑ በሚይዘው ቦታም ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉ። 60 በ50 በ50 የሆነ ካርቶን 30 ኪሎ ይቆጠራል፤ ማሽኑ 12 ኪሎ ቢሆንም የሚከፍሉት ለ30ው ነው። ይህን ሳያሰሉ ዋጋ አይቁረጡ፤ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱንም አስቀድመው ይጠይቁ። ሊቲየም ባትሪ ካለው ያውጡ፤ በአውሮፕላን ሲጫን ገደብ አለበት።

አስተሻሸጉ ይህ ነው፦ የ5.25 ኢንች ማስገቢያው ውስጥ ልኩ የሆነ ወፍራም ካርቶን አስገብተው ይዝጉት፤ የማንበቢያው ራስ እንዳይጋጭ ይጠብቃል። ካርዶቹ በብሎን መታሰራቸውን ይዩ። ማሽኑን በወረቀት ጠቅልለው፣ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ፎም በሁሉም ጎን አድርገው ካርቶን ውስጥ፣ ያንን ካርቶን ደግሞ በሌላ ካርቶን ውስጥ ያስገቡ። ሞኒተር በፊቱ ተደፍቶ ነው የሚታሸገው፤ ከባዱ ክፍል መስታወቱ ስለሆነ። እስከ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ዋናው ፈተና ነው። የአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ከማሰር ለማሽኑ መቀመጫ መክፈል ይሻላል።

ልሽጠው ወይስ እዚሁ ይቆይ?

በፋብሪካ በብዛት የተሠራና እዚህ ምንም የተለየ ነገር ያልተጨመረበት ከሆነ ይሽጡት፤ የሚንከባከበው እጅ ቢገባ ለማሽኑም ይበጃል። የአማርኛ ሶፍትዌር፣ የተቀየረ ኪቦርድ ወይም የወሎ መሥሪያ ቤት መዝገብ ካለበት ግን ከመሸጥዎ በፊት ለቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል ወይም ለሙዚየም ያሳዩት፤ ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚጀምር ሰው ቅርብ ነው።

የሚቀበል ቢጠፋና መሸጡ ግድ ቢሆን እንኳ ሦስት ነገር እዚሁ ይቅር፦ የዲስኮቹ ሙሉ ቅጂ፣ የቺፖቹን ቁጥር በግልጽ የሚያሳይ የማዘርቦርዱ ፎቶ፣ እና የሰሌዳውና የንብረት ቁጥሩ ፎቶ። ሦስቱንም በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ላይ ያስቀምጡ፤ አንዱን ደግሞ ከእርስዎ ቤት ውጭ ለሚያምኑት ሰው ይስጡት።